ቆሞ ስም ያወጣ ፈረስ

መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አንድ አይሱዙ አሰላ መናኸሪያ በር ላይ የኋላ ማርሽ ያስገባ እንደሆነ በአካባቢው ያለ ሥራ ፈት ሁሉ ያን ጊዜ ሥራ ያገኛል። ሊስትሮው ብሩሹን ያስቀምጣል። ቆሎ ሻጯ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። «ና! ና! ና! ቁረጠው! መልሰው! ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ግራ!» አንዱ ና ሲል ሌላው ቁም ይላል። ከመሀላቸው መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መሪውን የያዘው ነው፤ እሱን ደግሞ የሚሰማው የለም። «በቃ!» የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? መኪናው ግንቡን ከነካ በኋላ። መጀመሪያ «ጓ!» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «በቃ!»።

በዚህ የተነሳ «ሕዝባችን አስተያየት አይሰጥም» የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሎ ሸረሪት ያደራበታል፤ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ተዛውሯል። ሣጥኑ ባዶ የሆነው ሕዝቡ የሚለው ስላጣ መሰላችሁ? ያለውን ሁሉ አይሱዙው ላይ ጨርሶት ነው።

እኔም የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነኝ። ሙሉጌታ እባላለሁ፤ ሙሌ በሉኝ። ከትምህርት ጋር የተለያየነው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። ሰው «አቋረጠ» ይለኛል። ሁሉም በየበኩሉ «ቁረጠው! መልሰው!» ሲለኝ እኔ ቁረጠው ያለውን ሰማሁ፣ በቃ። ከዚያ በሁሩታ መስመር ረዳት ሆንኩ። ባዶ መኪና በር ላይ ቆሜ «አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ ጮህኩ። ባጃጅ አጠብኩ። አሁን የአብዲ ሞባይል ጥገና ቤት ነው የምሠራው። አብዲ ጓደኛዬ ነው፤ ብየዳውን እሱ ይሠራል፣ ሶፍትዌሩን እኔ። አስተማሪ አልነበረኝም። የተበላሸ ስልክ ግን ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ስትሳሳት አይገርፍህም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል።

እናቴን ግን ይኼ ሁሉ አላጽናናትም። እሷ የምትወደው ዝርዝር ነው። ታውቁት የለ፣ ያለፉ ተማሪዎች ዝርዝር፣ ሥራ ያገኙ ሰዎች ዝርዝር፣ በመስኮት መስታወት ላይ በማስቲሽ የሚለጠፈው። የጎረቤት ልጆች ስም እዚያ ላይ ሲወጣ አይታለች። «ሙሌ፣ አንድ ቀን ስምህን አንድ ወረቀት ላይ ልየው፤ የፈለገው ወረቀት ይሁን» ትለኛለች። አንድ ጊዜ የመብራት ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ወጥቼ ነበር፤ እሱን አልነገርኳትም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አብዲ ቤት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለን፤ ደንበኛ ሲጠፋ መኪና የመንዳት ጨዋታ እንጫወትበታለን። ጨዋታው ነጻ ነው። ነጻ ስል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚሰረቀውን ማለቴ አይደለም፤ እሱን እናውቅበታለን። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው «ውሰዱት» ብለው ከነሆድ ዕቃው የሰጡት ነው። ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን ታያለህ፤ የማይጥምህን ትፈታለህ፤ የተሻለ ካገኘህ መልሰህ ታመጣለህ። ከወደዱት ለሁሉም ይሆናል።

አብዲ ይኼን ስነግረው ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ሰማኝ። «ማን ሊያተርፍ?» አለ።

«ደቦ ነው» አልኩት። «ገብስ ሲደርስ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣ የለ?»

«ደቦ ላይ እኮ ይበላል።»

እዚህ አይበላም። እዚህ የሚሰጥህ ስም ነው። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር መጨረሻው ላይ የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝር! ገብቷችኋል አይደል እንቅልፍ የነሳኝ ነገር?

ጨዋታው ውስጥ የሌለ ተሽከርካሪ የለም። በረዶ የሚጠርግ መኪና ሳይቀር አለ። ጋሪ ግን የለም። ጋሪ የማያልፍበት መንገድ ደግሞ ምን መንገድ ነው? ለዚህ ለዚህ ሞድ የሚባል ነገር አለ። ሞድ ማለት፣ ባጃጅ ከፋብሪካ ስትወጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናት አይደል? አሰላ ስትደርስ ግን አንዱ የበግ ለምድ ያለብሳታል፣ አንዱ ከራሷ የሚበልጥ ስፒከር ይጭንባታል፣ አንዱ መስታወቷ ላይ ጥቅስ ይጽፍባትና ከፊቱ ያለውን መንገድ ማየት ያቅተዋል። ይኼ ነው ሞድ። እኔ ደግሞ ለጨዋታው የአሰላን ጋሪ ልሠራለት ተነሳሁ።

ለሞዴል የመረጥኩት የጋሼ ቱሉን ፈረስ ነው። ጋሼ ቱሉ ባጃጅ ከተማውን ከመውረሱ በፊት ጀምሮ ጋሪ የሚነዱ ሰው ናቸው። ፈረሳቸው መልኩ አመድማ ስለሆነ ዳልቻ ይባላል። ሲያስነሱት በኦሮምኛ «ዴሚ»፣ ሂድ፣ ይሉታል፣ ሲያቆሙት በአማርኛ «ቁም» ይሉታል፤ ሁለቱንም ይሰማል። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን አስተማሪዎቼ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ማስገባት አቅቷቸው ነበር።

ስልኬን ይዤ ጋሪው ላይ መዋል ጀመርኩ። ኮቴውን ቀረጽኩ፣ አንገቱን ቀረጽኩ፣ ዳገት ሲወጣ ትከሻው እንዴት እንደሚሠራ ቀረጽኩ። ጋሼ ቱሉ ጥቂት ቀን ታገሡኝ፣ ከዚያ «ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«ጨዋታ ውስጥ ላስገባው ነው፣ ጋሼ።»

«ቁማር ነው?»

«ኧረ አይደለም! ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሰው ያመላልሳል።»

«እሱማ አሁንስ ምን እያደረገ ነው?» አሉና ሳቁ።

እዚህ ላይ የዳልቻን ጠባይ ልንገራችሁ። ዳልቻ ማንም ሳያዘው የሚቆምባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የብቅል ሽታ የሚመጣበት መታጠፊያ ነው፤ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ይቆማል፣ ይጠግባል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው እትዬ ጸዳሌ ጠላ ቤት ነው። ጋሼ ቱሉ «ፈረሱ ነው እንጂ እኔ ምን አደርጋለሁ!» ይላሉ፣ ይወርዳሉ፣ ፈረሱን ላለማስቀየም አንድ ጣሳ ይጠጣሉ። ሦስተኛው አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው። እዚያ እማማ ደስታ የሚባሉ ሴት ነበሩ። በገበያ ቀን ሁልጊዜ በዳልቻ ጋሪ ነበር የሚሄዱት፤ ከመሳፈራቸው በፊት ከነጠላቸው ጫፍ አንድ እፍኝ ገብስ ፈትተው ለዳልቻ ያቀምሱታል። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። በሩ ተቆልፏል። ዳልቻ ግን አሁንም ይቆማል። ጋሼ ቱሉም አይገርፉትም። ትንሽ ጠብቀው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዴሚ» ይሉታል። ይሄዳል።

እኔ ደግሞ ያየሁትን ነው የምሠራው። ሦስቱንም መቆሚያ ኮዱ ውስጥ አስገባኋቸው።

የመጀመሪያው አስተያየት የመጣው ከአሰላ ነበር፤ ሳልጠራው መጣ። ስልክ ሊያሠራ የገባ ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ተደፋ። «ጭራው አጠረ!» «ቃጭሉ የታለ?» «ይኼ ፈረስ ነው በቅሎ?» አንዱማ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ «ና! ና! ቁረጠው!» አለ። የሚገርመው ሁሉም ልክ ነበሩ። ጭራውን አስረዘምኩ፣ ቃጭል ሰቀልኩ፣ ጆሮውን አንቀሳቀስኩ። የጋሪ አገር ሰው ስለ ፈረስ አይሳሳትም።

ከዚያ ለደቦው ላክሁት። ለመላክ ስም ማውጣት ያስፈልጋል። ሙሉጌታ ብዬ ጻፍኩ፤ ተይዟል አለኝ። ሙሌ፤ ተይዟል። ሙሌ አሰላ፤ እሱም ተይዟል! ማን ነው አሰላ ውስጥ የቀደመኝ? እስከ ዛሬ እየፈለግሁት ነው። ተናድጄ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ድሮ ጀግና በእናት በአባቱ ስም መች ይጠራ ነበር? በፈረሱ ስም እንጂ። አባ እንዲህ፣ አባ እንዲያ። እኔስ ከማን አንሳለሁ? «አባ ዳልቻ» ብዬ ጻፍኩ። አልተያዘም። ደረቴ ሲነፋ ተሰማኝ።

መልስ መጣ። የደቦው አለቃ ራሱን ጉጉት ብሎ የሰየመ ሰው ነው። እውነተኛ ስሙን አላውቅም። ሁልጊዜ ስለ በረዶ ስለሚያወራ ብርድ አገር እንደሚኖር ገምቻለሁ። እኛም ጭላሎ ተራራ ሥር ነው የምንኖረው፤ በብርድ አይመካብንም። የጉጉት አጻጻፍ ግን ጉድ ነው። እኛ መጀመሪያ ሰድበን በመጨረሻ እናሞግሳለን፤ እነሱ መጀመሪያ አመስግነው በመጨረሻ ያርዱሃል። «ስለ ድንቅ ሥራህ ከልብ እናመሰግናለን። ኮቴው በጣም ውብ ነው። ቃጭሉን ወደድነው። ግን...» ይላል። ያን «ግን» ስታይ አንገትህን ሸፍን።

ግን፣ አለ ጉጉት፣ ባግ አለበት።

በነሱ ቋንቋ ስህተት ባግ ይባላል፤ ቃሉ ሲተረጎም ተባይ ማለት ነው። እኔም ሞኙ ይኼን እንዳለ ለጋሼ ቱሉ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ዳልቻ ተባይ አለበት አሉ።»

ከጋሪው ወረዱ። «ማነው ያለው?»

«ፈረንጆቹ።»

«የኔ ዳልቻ? በየሳምንቱ ወንዝ ወስጄ በሳሙና የማጥበው ዳልቻ? ይምጡና ጸጉሩን ገልጠው ይዩ! የነሱን ፈረስ እስቲ ያሳዩኝ!» መንገደኛ ተሰበሰበ። አንዱ የዳልቻን ጋማ ገልጦ ማየት ጀመረ። «ንጹሕ ነው፣ ምስክር ነኝ!» አለ። ይኼን ምስክርነት ለጉጉት እንዴት እንደምልክለት አላወቅሁም።

ችግሩ ሦስተኛው መቆሚያ ነበር። ጉጉት ሁለቱን ተቀብሏል፤ ሽታው ይገባዋል፣ ጠላ ቤቱማ በደንብ ገብቶታል። «ሦስተኛው ቦታ ላይ ግን ተሳፋሪ የለም፣ ዕቃ የለም፣ በሩም ዝግ ነው። ፈረሱ ያለምክንያት ይቆማል። ተጫዋቾች ጨዋታው የተበላሸ ይመስላቸዋል። እባክህ አጥፋው። እስከ አዲሱ እትም ካልተስተካከለ ጋሪውን ማስገባት አንችልም» አለ። ለአዲሱ እትም የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

አንድ መስመር ነው የሚሰረዘው። አንዷን መስመር አጥፍቼ ብልከው ስሜ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፣ እናቴ ታያለች፣ አለቀ። ወሬው ደግሞ ከኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። አብዲ «ወላሂ ሙሌ፣ አንድ መስመር እኮ ነው፤ ለአንድ የቆርቆሮ በር ብለህ ነው?» አለኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ «ቁረጠው!» አሉ። ሊስትሮው «መልሰው!» አለ። እናቴ «ልጄ፣ የሚሉህን አድርግ፤ አለቃ አይከራከሩትም» አለች። ቆሎ ሻጯ ደግሞ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ «ወደ ግራ ነው!» አለች። ያን ጊዜ ነው አይሱዙው እኔ መሆኔ የገባኝ። ግንቡ ደግሞ ከኋላዬ ነው።

ጋሼ ቱሉ ዘንድ ሄድኩ። ከጎናቸው ተቀመጥኩና ነገሩን አጫወትኳቸው። እየነዱ ሰሙኝ። አረንጓዴው በር ጋ ስንደርስ ዳልቻ ቆመ። ጭራውን አንዴ ወዘወዘ።

«እማማ ደስታ እግራቸውን ታመው ነበር» አሉ ጋሼ ቱሉ። «ከቤት እስከ በር ለመድረስ ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር። እኔ ችኩል ነኝ፤ ሌላ ገበያተኛ እንዳያመልጠኝ እቁነጠነጥ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ነቅነቅ ብሎ አያውቅም። መጠበቅ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። መሄድማ ሁሉም ፈረስ ይሄዳል። የማይቆም ካደረግከው ዳልቻ ብለህ አትጥራው። ሌላ ስም አውጣለት።» ከዚያ ልጓሙን ላላ አድርገው «ዴሚ» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ግትር ሰው አይደለሁም። መናኸሪያ ያደገ ሰው መተጣጠፍ ያውቃል። ግን ከዚያ ጋሪ ስወርድ ቆርጬ ነበር። ሱቅ ገባሁና በመናኸሪያ እንግሊዝኛዬ፣ ያነሰውን በስልኬ ተርጓሚ እየሞላሁ ለጉጉት ጻፍኩለት። እዚያው የአስተያየት ገጹ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ። እንዲህ አልኩ፤ «ጌታዬ፣ ተባይ የለበትም፤ ታይቷል፣ ምስክር አለ። ፈረሱ የሚቆመው የማያውቅ ሆኖ ሳይሆን የሚያውቅ ሆኖ ነው። እዚያ ቤት አንዲት እናት ነበሩ። እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ይጠብቃቸው ነበር። አሁን የሉም። እሳቸው እንደሌሉ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ይጠብቃል። ይኼን ካጠፋሁት የምልክላችሁ ጋሪ የአሰላ አይሆንም። ጋሪውን ባታስገቡትም እኔ መቆሚያውን አላጠፋውም። ከአክብሮት ጋር፣ አባ ዳልቻ።» ላክሁ። ወዲያው ተጸጸትኩ። ይኼ የኔ ተፈጥሮ ነው።

በአራተኛው ቀን ከማላውቀው አገር የማላውቀው ሰው ጻፈ። አያቱ በፈረስ ጋሪ ወተት ያድሉ ነበር፤ ፈረሳቸው የደንበኛውን በር ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አያቱ ከሞቱ በኋላ ጋሪውን የያዘው ሰው ሰፈሩን የተማረው ከፈረሱ ነው አለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ጻፈች፤ የአባቷ አህያ ወፍጮ ቤቱ ከተሸጠ በኋላም እዚያው በር ላይ ሁልጊዜ ይቆም ነበር አለች። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። የሰው ልጅ ሁሉ ለካ የሆነ ቦታ የሚቆም እንስሳ ነበረው! ጉጉት ሁሉንም ያነባል።

አብዲ ይኼን ሲያይ ወኔው መጣ። «እኛስ ዝም ብለን እናያለን?» ብሎ ስልክ ያለውን የአሰላ ወጣት ሁሉ አስነሳ። በኦሮምኛ ጥሩ ነው ለማለት «ጋሪ ዳ» ይባል የለ? ገጹ በአንድ ከሰዓት «ጋሪ! ጋሪ ዳ! ጋሪ!» በሚል ተጥለቀለቀ። አንድ ቀልደኛማ «ጋሪን ጋሪ ዳ» ብሎ ጻፈ፤ ጋሪው ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ጉጉት በተርጓሚ አስተርጉሞት መሰለኝ፣ ግራ ተጋብቶ ጻፈልኝ። «አባ ዳልቻ፣ ጓደኞችህ ሁሉ ‹ጋሪ፣ ጋሪ፣ ጋሪ› እያሉ ነው። ጋሪ መሆኑን አውቀናል። ምን ማለት ፈልገው ነው?» አስረዳሁት። አንዱ ቃል በአንዱ ቋንቋ ጋሪ፣ በሌላው ጥሩ ማለት እንደሆነ፣ እኛ ዘንድ ሁለቱ አብረው እንደሚኖሩ ነገርኩት። የሳቅ ምልክት ላከ። ጉጉት ሲስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ወሰነ። «አመሰግናለሁ» ብሎ ጀመረ፤ እኔም አንገቴን ሸፈንኩ። «ግን» የሚለውን ፈለግሁት። የለም! እንደገና አነበብኩት። የለም! «ሦስተኛው መቆሚያ ይቆያል» ይላል። «እንዲያውም በጨዋታው ውስጥ ላሉ እንስሳት ሁሉ እንዲሆን አድርገነዋል። ፈረስም አህያም ብዙ ጊዜ የቆመበትን ቦታ ያስታውሳል፤ የሚጠብቀው ሰው ባይኖርም ይቆማል። በኮዱ ውስጥ ይኼ ጠባይ ‹ዳልቻ› ተብሎ ይጠራል።»

እስቲ አስቡት። አሁን በምድር ዙሪያ የማላውቃቸው ሰዎች፣ የማልሰማውን ቋንቋ እየተናገሩ፣ ጋሪያቸው ሲቆምባቸው «ዳልቻ ነው» ይላሉ። ከአርሲ የወጣ ሁሉ ይሮጣል ይባላል፤ እውነት ነው፣ በሩጫ ዓለም ያውቀናል። በመቆም ዓለም ያወቀው የአርሲ ልጅ ግን ዳልቻ ብቻ ነው። ሲሮጥማ ባጃጅም ይቀድመዋል።

አዲሱ እትም ወጣ። መጨረሻው ላይ ዝርዝሩ። ወደ ታች ተንሸራተትኩ፣ ተንሸራተትኩ፤ አለሁ! «አባ ዳልቻ፣ አሰላ» ይላል። አብዲ ጮኸ፣ እኔ ጮህኩ፣ ለጥገና የመጡት ሰዎች የሆነ ነገር የተሸለምን መስሏቸው አጨበጨቡ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጬ በቀለም አሳተምኩት፣ በላስቲክ አስለበጥኩት፤ ለእናቴ ወሰድኩላት።

መነጽሯን አደረገች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ሄደች። እንደገና ሄደች። «ስምህ የታለ?» አለችኝ።

«ይኸው እማዬ፣ አባ ዳልቻ!»

«ይኼ የፈረስ ስም ነው እንጂ ያንተ ነው?»

«የኔ የፈረስ ስም ነው እኮ!»

«ፈረስ አለህ እንዴ?» አለች።

እውነት ለመናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይኼን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም። ጉጉት ያልያዘውን ባግ እናቴ ያዘችው። ቢሆንም ወረቀቱን ሳመችው፤ ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ነው አለች። «መጀመሪያ ለጋሼ ቱሉ ላሳያቸው» ብዬ ይዤው ወጣሁ። ይኼን ባላደረግሁ!

ጋሼ ቱሉ መናኸሪያው በር ላይ ነበሩ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ ፊደሉ የፈረንጅ ስለሆነ ቲኬት ቆራጩን አስነበቡት። ቲኬት ቆራጩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «አባ ዳልቻ! አሰላ!» ብሎ አነበበ።

ጋሼ ቱሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ አዘለ። «እኔን?» አሉ። «በዓለም ዝርዝር ላይ እኔን?»

አፌን ከፈትኩ። ሊስትሮው ግን ቀድሞኝ «አባ ዳልቻ!» ብሎ ጮኸ። ባጃጆቹ ጡሩምባ ነፉ። ቆሎ ሻጯ እልል አለች። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ በትራቸውን እያነሱ «የፈረስ ስም የሚወጣው ለፈረሱ ጌታ ነው፤ ወጉ ይኸው ነው፤ ይገባዎታል!» አሉ። ምን ልበል? ወጉማ ወጉ ነው። አባ ዳልቻ ማለት የዳልቻ ጌታ ማለት ነው። የዳልቻ ጌታ ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቴ ቆመዋል። ደቦው ውስጥ «ተይዟል» የማይባል ስም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ከማናችንም በፊት የተያዘ ስም ነው።

ወረቀቱ አሁን ከጋሪው ጀርባ ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ቱሉ በመንገድ ሲያልፉ «አባ ዳልቻ!» ይባላሉ፤ እጃቸውን ያነሳሉ። እኔም አንዳንዴ ከጎናቸው ተቀምጬ አብሬ አነሳለሁ፤ ማንም አያይልኝም። እናቴ ግድግዳው ላይ ያዘጋጀችው ሚስማር ባዶውን ነው። ግን እመኑኝ፣ ያን ጋሪ ከሩቅ ባየሁት ቁጥር ደረቴ ይነፋል። በገዛ ስሜ ቢሆን ኖሮ ይኼን ያህል መንገድ አይዞርልኝም ነበር።

ባለፈው አረንጓዴው በር ጋ ቆመን ሳለ ግን አላስችል አለኝ። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ቀኑን ሙሉ ኮድ የጻፍኩት፣ ከጉጉት ጋር የተከራከርኩት እኔ ነኝ እኮ። ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?»

ጋሼ ቱሉ አሰቡበት። ዳልቻም ጆሮውን ወደኔ አዞረ።

«አንተማ» አሉ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ «ጥሩ አስተያየት ሰጥተሃል፤ እግዜር ይስጥህ።» ከዚያ «ዴሚ» አሉ፤ ሄድን።